ለአርባ አንድ የተደፈኑ ቀዳዳዎች የቀረበ ምስጋና

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፱ ቀን።

የጠዋት ቆጠራ፦ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት በሕንፃው ጀርባ፣ ልብስ በሚሰጣበት ገመድ ሥር ቆሜ ወደ ላይ ቆጠርኩ። የአየር መውጫ ቀዳዳዎች፣ በጠቅላላው አርባ ስምንት። በሲሚንቶ የተደፈኑ፣ አርባ አንድ። ክፍት፣ ሰባት። ከሰባቱ ስድስቱ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ሲሚንቶ ስላለቀ የተረፉ ናቸው። ስለ ሰባተኛው በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎ የሞቀ፣ ሻይዎም ያልቀዘቀዘ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የእኛን ጤና የጠየቁ እንደሆነ፣ በዚህ ወር የተጓደለው ከአርባ ስምንቱ ክፍል የአንዱ ብቻ ስለሆነ፣ በእርስዎ የሪፖርት አጻጻፍ «በአጥጋቢ ሁኔታ ላይ እንገኛለን»።

ማን እንደምጽፍልዎ ቢዘነጉት፣ ከደረጃው አጠገብ ባለው ሱቅ ማሞቂያ፣ ቬንቲሌተርና ኤሲ ከነመለዋወጫቸው የምሸጠው ነጋዴ ነኝ። በስብሰባ ላይ «እሷ ነጋዴ ናት፤ የምትናገረው ለገበያዋ ነው» ያሉት ስለ እኔ ነበር። በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስቆይ ሱቅ ስዘጋ የቀኑን ነገር በደብተር የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናትና ቃላት ከደብተሬ የተገለበጡ እንጂ በንዴት የተፈጠሩ አይደሉም። ንዴቱም አለ፤ እሱን ግን ከቀናቱ ጋር አላደባለቅሁትም።

ደብዳቤውን በግልጽ፣ በደረጃው ሰሌዳ ላይ፣ ከመመሪያ ቁጥር ሰባት ጎን የለጠፍኩት ለአክብሮት ነው። ሦስት ጊዜ በቢሮዎ በኩል ሞክሬ ሦስት ጊዜም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ የእርስዎ መመሪያ ያለበት ቦታ የእርስዎ ዓይን የማይለየው ቦታ ነው ብዬ ገምቻለሁ።

መመሪያ ቁጥር ሰባት፣ «በሙቀትም በብርድም ወራት ኃይልን ስለመቆጠብ» የሚለው፣ ባለፈው የሙቀት ወቅት መግቢያ ላይ በአምስት ነጥቦች ወጥቶ፣ ታኅሣሥ አምስት ቀን ስድስተኛ ነጥብ ተጨምሮበት የታደሰ፣ አንድ ፊርማና ሁለት ማኅተም ያለው ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው ማኅተም ለምን እንዳስፈለገ ለብዙ ጊዜ ሳስብ ቆይቻለሁ። ከእንግዲህ ምስጋናዬን በመመሪያው ተራ ቁጥር መሠረት አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ኤሲ ቶሎ እንዲያቀዘቅዝ ሪሞቱን እስከ ዐሥራ ስድስት ዝቅ አድርጉ ስላሉን እናመሰግናለን። ክቡር ሰብሳቢ፣ ኤሲ የታክሲ ሹፌር አይደለም፤ እንደቸኮልን ስለነገርነው አይፈጥንም። ቁጥሩ የሚነግረው የት ላይ እንደሚያቆም እንጂ በምን ፍጥነት እንደሚደርስ አይደለም። ሃያ አራት ላይ ያደረገውም ዐሥራ ስድስት ላይ ያደረገውም ሃያ አራት ላይ የሚደርሱት እኩል በሆነ ጊዜ ነው፤ ልዩነቱ ሁለተኛው ሰው ማጥፋቱን ረስቶ ሲንቀጠቀጥ መገኘቱ ነው። የሁለተኛ ፎቁ ፀጉር አስተካካይ በምክርዎ መሠረት ዐሥራ ስድስት ላይ ከፍቶ ሲሠራ፣ አንድ ደንበኛው ምላጭ አንገቱ ላይ ሳለ አስነጥሶ ለጥቂት ተርፏል። ሰውዬው ዛሬም በሕንፃችን ሲያልፍ ኮሌታውን ይይዛል።

ሁለተኛ፤ ከቤት ስንወጣ ክፍሉ ቀዝቅዞ እንዲጠብቀን ቬንቲሌተር ከፍተን እንድንሄድ ስለመከሩን። ቬንቲሌተር ክፍል አያቀዘቅዝም፤ የሚያቀዘቅዘው ሰውን ነው፣ እሱንም ላቡን እያደረቀ። ባዶ ክፍል ላብ የለውም። የስብሰባ አዳራሹ ሦስት ቬንቲሌተሮች የሙቀቱን ወራት በሙሉ ለወንበሮቹ ሲያራግቡ ከርመዋል፤ ወንበሮቹ እስካሁን ቅሬታ አላቀረቡም፣ በዚህም ከነዋሪዎቹ ሁሉ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል።

ሦስተኛ፤ የኤሲ ፊልተር ማጠብ ዕድሜውን ያሳጥራል፣ አቧራ የያዘ ፊልተር አቧራ የመያዝ ችሎታው ይጨምራል ስለተባለው። ይህን ነጥብ በተለይ እወደዋለሁ። በአቧራ የታፈነ ፊልተር አየር አላሳልፍ ስላለ፣ በአንድ የሙቀት ወቅት ብቻ ከዚህ ሕንፃ የመጡልኝ በረዶ የሠሩ፣ ውኃ የሚያንጠባጥቡና በመጨረሻም ሞተራቸው የተቃጠለ ኤሲዎች፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ከመጡልኝ ይበልጣሉ። ለገበያዬ የምናገር ብሆን ኖሮ ይህን ነጥብ በወርቅማ ቀለም አጽፌ በሱቄ በር ላይ እሰቅለው ነበር እንጂ፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «እቤትዎ በቧንቧ ውኃ እጠቡት፣ እኔ ጋ ምን ያመጣዎታል» እያልኩ አልመልስም ነበር።

እስከዚህ ያሉት ሰውን የሚያበሳጩና ማሽን የሚያበላሹ ናቸው። እነዚህን ብቻ ይዘው ቢቆሙልን ኖሮ፣ እኔም እንደ ሌላው ጎረቤት በደረጃው ላይ ስንገናኝ እጅ ነስቼ አልፍ ነበር። የሚቀጥሉት ሦስቱ ግን አንዱ ከአንዱ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ አብሬ እንዳቀርባቸው ይፍቀዱልኝ።

አራተኛው ነጥብ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ «የክፍሉን አየር ስለሚያቃጥል» ክልክል ነው፣ በምትኩ በጋዝ የሚሠራ ይሁን ይላል። ክቡር ሰብሳቢ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የጋለ ሽቦ ነው። ሽቦ አይተነፍስም፤ ቆዳ ያደርቅ ይሆናል እንጂ አየር አይበላም። አየር የሚበላው እሳት ነው። እሳት ያለው ደግሞ ባዘዙት ማሞቂያ ውስጥ ነው። የከለከሉት የማይተነፍሰውን፣ ያዘዙት የሚተነፍሰውን ነው። ትእዛዝ ነውና ሰዉ ኅዳር ወር ላይ የኤሌክትሪኩን እየጠቀለለ አስቀምጦ ጋዙን ገዛ። የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ ስምንት ማሞቂያ። ለእያንዳንዱ ገዢ «ከጣሪያው ሥር ያለችውን ቀዳዳ ዕቃ እንዳይሸፍናት» ብዬ ነግሬያለሁ። ቀዳዳዋን ዕቃ ሳይሆን ኮሚቴ ይሸፍናታል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።

አምስተኛው፣ ኤሲ ከውጭ ንጹሕ አየር ስለሚያስገባ መስኮት መክፈት አያስፈልግም የሚለው ነው። በግድግዳችን ውስጥ የሚያልፉት ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ቧንቧዎች የሚያመላልሱት በውስጣቸው የታሸገውን ማቀዝቀዣ ጋዝ እንጂ የውጭ አየር አይደለም። ኤሲ የክፍሉን አየር ይስባል፣ ያቀዘቅዛል ወይም ያሞቃል፣ ያንኑ አየር መልሶ ይሰጠናል። በትናንትናው የሽንኩርት ሽታ ዛሬም የምንኖረው ለዚሁ ነው። የውጭው ሳጥን ደጅ ስለተቀመጠ ብቻ የደጅ አየር ያመጣል ማለት፣ የቆሻሻ ገንዳው ደጅ ስላለ ምግባችን ከእሱ ይመጣል እንደማለት ነው።

በስድስተኛው ላይ ደርሰናል። እሑድ ታኅሣሥ አምስት ቀን፣ በስብሰባው ላይ፣ ሻማ ለኩሰው ወንበር ላይ ወጥተው ወደ አዳራሹ ቀዳዳ አስጠጉት። ነበልባሉ ወደ ቀዳዳው ተጎነበሰ። ያኔ ዞር ብለው «ይኸው፤ ሙቀታችሁ በቀን ሲሰረቅ በዓይናችሁ እዩ» አሉ፤ ተጨበጨበ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የአየር መውጫ በትክክል እንደሚሠራ ከዚህ በተሻለ ሁኔታ ያሳየ ሰው አላየሁም። ቀዳዳው እንደሚሠራ ካረጋገጡ በኋላ እንዲደፈን ወሰኑ።

እጄን አውጥቼ የጋዝ ማሞቂያ ያለበት ክፍል ቀዳዳው አይነካም አልኩ። «ከሰል እንደሚገድል ሕፃን ያውቃል» አሉኝ፤ «ጋዝ ግን ጭስ የለውም። ጭስ የሌለው ነገር በምን ይገድላል፣ በዓይኑ ነው?» ሰው ሁሉ ሳቀ። ስለ ገበያዬ የተናገሩትም በዚሁ አፍታ ነው። እኔም ሱቁ ላይ ሰው እየጠበቀኝ ስለነበር ተነሥቼ ወጣሁ። ይህችን መውጣቴን በደብተሬ ላይ ከሥሯ አስምሬባታለሁ፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለችም፣ የእኔ ናት፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ላጋራዎ አልሞክርም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ለሳኙ ከአንደኛ ፎቅ ጀምሮ ሲሚንቶ እየለወሰ አርባ አንዱን ደፈነ። በጥር መጀመሪያም የመጀመሪያው ሪፖርት በሰሌዳው ወጣ፤ «በተወሰደው እርምጃ የሕንፃው ሙቀት በአራት ዲግሪ ጨምሯል»። ዲግሪው የተነበበው በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ካለው ቴርሞሜትር ነው። ቴርሞሜትሩ የተሰቀለው በኤሌክትሪክ ከሚፈላው የሻይ ማንቆርቆሪያ በላይ፣ በግምት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ነው። ሪፖርቱን የጻፉት ለሻይዎ ከሆነ ትክክል ነው፤ እኔም አብሬ እፈርማለሁ።

አሁን የአራተኛ ፎቋን አክስቴን ላስተዋውቅዎ፤ በእርግጥ ያውቋታል፣ የቢሮዎን መጋረጃ የሰፋችው እሷ ናት። የግማሹን ሕንፃ መጋረጃ እሷ ሰፍታዋለች፤ ከእናቴ በኋላ እኔንም ያሳደገችኝ በዚሁ የስፌት መኪና ነው። ቀዳዳው በተደፈነ በሁለተኛው ሳምንት ራሴን ያመኛል ማለት ጀመረች። እኔ መነጽርሽ ነው አልኳት። ይህም በደብተሬ አለ። ሰኞ ጥር አራት ቀን ደረጃውን ወርዳ ቢሮዎ ድረስ መጣች፤ የነገሯትን ስትመለስ ሱቄ በር ላይ ቆማ ቃል በቃል ነግራኛለች፤ «‹እማማ፣ ብርድ ነው ያመመዎ፤ ማሞቂያዎን ከፍ ያድርጉት፣ መስኮትም አይክፈቱ› ብለውኛል፤ ትሑት ሰው ናቸው» አለችኝ። ለትሕትናዎ እናመሰግናለን። ማሞቂያውን ከፍ አደረገችው።

እሑድ ጥር ዐሥር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የሦስተኛ ፎቋ ጡረተኛ መምህርት የሚሰፋላቸውን ጨርቅ ሊጠይቁ ወጥተው ቢያንኳኩ መልስ አጡ። የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ የለም፤ በሩ ግን ከውስጥ ተቆልፏል። ጥበቃውን ጠሩት። ጥበቃው በኮሪደሩ መስኮት አጮልቆ አይቶ እየሮጠ ወረደና «እትዬ፣ ቶሎ ይምጡ፤ አክስትዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩናል፣ ግን አይመልሱም» አለኝ። ስንደርስ መስኮቱን በክርኑ ሰበረው፣ እጁን አስገብቶ በሩን ከፈተ። አክስቴ መርፌ እንደያዘች፣ ፊቷ እንደ ወጣት ሴት ቀልቶ፣ ዓይኗን ገልጣ ተቀምጣለች። ክፍሉ ይሞቃል፤ ምንም አይሸትም። ጭስ የለም። ያሉት ሁሉ ልክ ነበር፤ ጭስ አልነበረም።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ምን በላች፣ ስንት ዓመቷ ነው አላለም፤ «ቤት ውስጥ የምታነዱት ምንድን ነው?» አለ። እሳት አየር ሲያንሰው ሽታም መልክም የሌለው መርዝ እንደሚያወጣ፣ ሰው ሳያውቀው በደሙ ውስጥ የአየሩን ቦታ እንደሚይዝ፣ ጋዝም ሆነ ከሰል ለዚህ መርዝ ልዩነት እንደሌለው በሁለት ደቂቃ አስረዳኝ። የሁለት ደቂቃ ነገር ነው፤ ኮሚቴው በሦስት ሰዓት ስብሰባ አልደረሰበትም። ኦክስጅን አደረጉላት። ተረፈች። አሁን እኔ ቤት ናት፤ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ስሜን ታስታውሳለች። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ግን አልቻለችም። እጇ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ የእጇ ጽናት ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል ብሏል። ትናንት ሦስት ጊዜ ሞክራ ክሩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ «ዛሬ ብርሃኑ ደብዝዟል» አለችኝ። ቀትር ነበር።

የእርስዎ መልስ ጥር ዐሥራ ሦስት ቀን በጽሑፍ ደረሰን። እንደገመትኩት የጤና መጠየቂያ አልነበረም። ያለ ኮሚቴው ፈቃድ የተሰበረው የኮሪደር መስታወት የሕንፃው የጋራ ንብረት ስለሆነ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲተካ ይላል። ተክተነዋል። ከበፊቱ የወፈረ መስታወት ነው፤ የሚቀጥለውን ሰው ለማውጣት ከክርን ጠንከር ያለ ነገር ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ አክስቴ ቢሆን ኖሮ ከእርስዎ ጋር የምነጋገረው በሌላ ቦታ ነበር፤ እዚያም እንገናኛለን። የምጽፈው በዚህ ሕንፃ ውስጥ ዛሬ ጠዋት አሥራ ሰባት የጋዝ ማሞቂያዎች ቀዳዳቸው በተደፈነ ክፍል ውስጥ ስለሚነዱ ነው። አሥራ ስምንተኛው የአክስቴ ነበር። በየበሩ እየዞርኩ ክፈቱ ብያለሁ። የሚሉኝ አንድ ነው፤ ማኅተም አለበት። አክስቴን ያገኟት መምህርት እንኳ፣ ያን ቀን እጇን ይዘው እስከ መኪናው የወረዱት፣ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ እሳቸው በማኅተም የዘጉትን እኔ በምን ሥልጣን እከፍታለሁ? ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጪልኝና አሁኑኑ ይከፈት።» የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አበደርኳቸው፤ በነጥብ አራት የተከለከለ ነው ብለው በማግስቱ በፌስታል ጠቅልለው መለሱልኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ የተጻፈ ነገር ማክበርን ለእኛም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ትናንት ከሰዓት ደረጃው ላይ ሳገኛቸው የብረቱን መደገፊያ ይዘው ቆመዋል። ራሳቸውን ያማቸዋል።

ስለዚህ የምለምንዎ ይቅርታ አይደለም፤ ጊዜዎን አላባክንም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ወረቀት አያይዣለሁ። የተጻፈበት አንድ መስመር ነው፤ «የተደፈኑት የአየር መውጫዎች በሙሉ ዛሬ ይከፈቱ።» ከሥሩ ለፊርማዎ ቦታ አለ፤ ለሁለቱም ማኅተሞች ቦታ ትቼልዎታለሁ። ለሳኙንም አነጋግሬዋለሁ፤ «እትዬ፣ የደፈንኩትን እኔው እከፍተዋለሁ፤ ክፍያ አልፈልግም፣ እንቅልፍ ነው የምፈልገው» ብሏል። ከእርስዎ የሚጠበቀው ማኅተሙን አንሥቶ ወረቀቱ ላይ መጫን ብቻ ነው። ሻይ ለመቅዳት ከሚወስድብዎ ጊዜ ያነሰ ነው።

ለመኖሪያችን ስላሳዩት ያልተቆጠበ ትጋት፣ ሙቀታችንን ከሌባ ስለጠበቁበት ንቃት፣ አየራችንንም አብረው ስለጠበቁበት ጥንቃቄ፣ በአራተኛ ፎቅ ድምፁ ከጠፋው የስፌት መኪና ጋር ሆኜ የማይበርድ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ከደረጃው አጠገብ ያለችው ነጋዴ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ስለ ሰባተኛው ክፍት ቀዳዳ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። እሱ የእርስዎ ቢሮ ነው። ለሳኙን ለምን እንደተረፈ ስጠይቀው «የቢሮውን ተወው፤ የሻዩ እንፋሎት መውጫ አጥቶ ቀለሜን ይልጥብኛል ብለውኛል» አለኝ። እንግዲያው የታፈነ ክፍል ምን እንደሚያደርግ ከሁላችንም ቀድመው ያወቁት እርስዎ ነበሩ። ለግድግዳዎ ያዘኑትን ያህል እንዲያዝኑልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በደብተሬ፣ ለነገ ረቡዕ፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ለሳኙን በር ላይ መቀበል። መሮ ሁለት፣ መዶሻ አንድ፣ ለአቧራው አሮጌ አንሶላ። መጀመሪያ ሦስተኛ ፎቅ፣ የመምህርቷ ክፍል። የሰብሳቢው ወረቀት እስከዚያ ካልመጣ በእኔ ስም የተጻፈውን መውሰድ። የሱቁ ማኅተምም ክብ ነው፤ የቀለሙ ጨርቅ ስለደረቀ ዛሬውኑ ማርጠብ።